ከምት በፊት አቋቋም

የገና ጨዋታን ተጫውታችሁ ወይም ሲጫወቱ አይታችሁ ከሆነ፣ ሩርን አርቆ የሚመታ ሁሉ ወደ ፈለገበት እንደማይልካት ታውቃላችሁ። የክንድ ብርታት ርቀትን ይሰጣል፤ አቅጣጫን የሚወስነው ግን በአብዛኛው አቋቋም ነው። ይህ እውነት እንደ ገና ሁሉ በበትርና በኳስ በሚካሄደው በጎልፍ ጨዋታ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

ጎልፍ በአገራችን ጥቂቶች ብቻ የሚጫወቱት ስፖርት ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘው የእንግሊዝ ኤምባሲ በሰፊው ግቢው ውስጥ የጎልፍ ሜዳ አለው። ይሁን እንጂ አቋቋምን ለመለማመድ ሰፊ ሜዳ አያስፈልግም። እኔ የምለማመደው ቦሌ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ መሣሪያዎቼም ሁለት ቀጫጭንና ቀጥ ያሉ ዘንጎች ናቸው።

አንደኛውን ዘንግ ከኳሱ ማዶ ወደ ዒላማው አነጣጥሬ መሬት ላይ አጋድመዋለሁ፤ ሁለተኛውን በእግሮቼ ጣቶች ፊት፣ ከመጀመሪያው ጋር ትይዩ አድርጌ አኖረዋለሁ። ከአያት ወደ መሐል ከተማ የሚዘልቀውን የባቡር ሐዲድ አስታውሱ። ሁለቱ ብረቶች ጎን ለጎን ይጓዛሉ እንጂ አይገናኙም። ኳሱ በማዶኛው ሐዲድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ተጫዋቹ በወዲህኛው ላይ ይቆማል። እግሩ፣ ዳሌውና ትከሻውም ከዚሁ መሥመር ጋር ትይዩ ይሆናሉ።

«ዘንግ ለምን አስፈለገ? ዓይን አይበቃምን?» ትሉ ይሆናል። አይበቃም። ተጫዋቹ ከኳሱ ጎን ቆሞ ዒላማውን በትከሻው በኩል አሻግሮ ስለሚመለከት፣ ጠማማው አቋቋም ቀጥ ያለ ሊመስለው ይችላል። ልማድም ስሕተቱን ያጸናበታል። የኳሱ አቅጣጫ በ2 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ፣ 150 ሜትር ሲጓዝ ከዒላማው ከ5 ሜትር በላይ ይርቃል። ዘንጉ ግን አያባብልም፣ አይቆጣም፤ ያለውን ብቻ ያሳያል።

ለአመታትም ቀላል መርጃ አለ። የታጠፈ ፎጣ በብብት ሥር ይዞ በትሩን በዝግታ፣ እስከ ወገብ ከፍታ ብቻ ማወዛወዝ ነው። ክንድ ከደረት ተለይቶ ብቻውን ከሄደ ፎጣው ይወድቃል፤ ክንድና ደረት አብረው ከዞሩ ባለበት ይቆያል።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ላይ የዋለው የጎልፍ ደንብ፣ ተጫዋች አቋቋሙን ለማስተካከል መሬት ላይ ዕቃ አኑሮ በዚያ እንዳይረዳ ይከለክላል። ምት እየተቆጠረ በሚካሄድ ውድድር ቅጣቱ 2 ምት ነው። በልምምድ ጊዜ የተፈቀደው መርጃ በውድድር ዕለት ከሜዳው ይወጣል። ስለዚህ እኔ ጥቂት ጊዜ በዘንጎቹ ከተለማመድሁ በኋላ አንሥቼ ያለ እነርሱ እቆማለሁ፤ ከዚያም መልሼ አጋድሜ አቋቋሜን እመዝናለሁ።

እናንተም በፈተና ዕለት ደብተራችሁን ከውጭ ትታችሁ ትገባላችሁ። መርጃ መሣሪያ መልካም መምህር የሚሆነው፣ ከእጅ በወጣ ጊዜ ትምህርቱ በሰውየው ውስጥ ሲቀር ነው።