ጠጅ፣ ስኳርና የጂንካ ማር

ስለ ፖለቲካ መጻፍ የለመደ ብዕር ስለ መጠጥ ቢጽፍ አንባቢ ቢገረም አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በአገራችን ከጠጅ ይልቅ ፖለቲካ የተጠመቀበት ነገር ማግኘት ይቸግራል።

በመጀመሪያ ወደ ግሪክ ልውሰዳችሁ። ግሪኮች «ሬትሲና» የሚሉት፣ የጥድ ሙጫ የሚሸት ነጭ ወይን ጠጅ አላቸው። በጥንት ዘመን የወይን እንስራ የሚታሸገው በሙጫ ነበር፤ ማሸጊያው ለመጠጡ ጣዕሙን ሰጠው፣ እንስራው ከቀረ በኋላም ጣዕሙ ተወድዶ ቀረ። የክሬሞናው ጳጳስ ሊውትፕራንድ በ968 እ.ኤ.አ. በመልእክተኝነት ቁስጥንጥንያ በሄደ ጊዜ የግሪኮቹን ወይን ከሙጫው የተነሣ ሊጠጣ የማይችል ነው ሲል አማርሮ ጽፏል። ግሪኮች ግን ለእንግዳ ምላስ ብለው ጣዕማቸውን አልለወጡም። ቀዝቀዝ አድርገው፣ ከተጠበሰ ዓሣ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከወይራ ፍሬ ጋር ያቀርቡታል። ዛሬ «ሬትሲና» የሚለው ስም በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለግሪክ ብቻ የተጠበቀ ነው።

ለሬትሲና ሙጫው እንደሆነ ሁሉ፣ ለጠጅ ጌሾው ነው። ጋኑ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ የጌሾው እንጨት ይገባል። ጥሩ ጠጅ በብርሌ ሲቀርብ አፍንጫ አስቀድሞ ማሩንና ጭሱን ያገኛል፤ የጌሾው ምሬት ግን የሚመጣው ከተዋጠ በኋላ ነው። ያ ምሬት ከሌለ መጠጡ ብርዝ እንጂ ጠጅ አይደለም። ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ ሲቀርብ ከጠጅ የተሻለ ጓደኛ የማያገኘውም ለዚህ ነው፤ ጣፋጩ ቃጠሎውን ያበርዳል፣ ምሬቱ ደግሞ ስቡን ይቆርጣል። በስኳር የተጣለ ጠጅ ይህን ሁሉ አያውቅም። ምላስ ላይ ጣፍጦ ወዲያው ይጠፋል፤ የሚተርፈው ራስ ምታቱ ነው።

ጠጅ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር። አሳላፊው ከመዳፉ ቀምሶ መርዝ አለመኖሩን የሚያረጋግጠው፣ ግብር የሚበላው፣ ሹመት የሚታደለው በጠጅ ዙሪያ ነበር። ማሩስ ከየት ይመጣ ነበር? በዐፄ ምኒልክ ዘመን ደቡብ ከተያዘ በኋላ ገባሩ ከሚገፈግፈው አንዱ ማር ነበር። ቀፎውን ዛፍ ላይ የሰቀለው ሰው እዚያው ቀረ፤ ማሩ ግን አዳራሽ ገባ።

ጂንካ በሄድኩ ቁጥር ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ከአሪ ደጋ የወረደው ማርና ከቆላው የመጣው ማር ጎን ለጎን ይቆማሉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ አሪና ደቡብ ኦሞ ሁለት ዞኖች ሆነዋል፤ ገበያው ግን ማሩን በዞን አይለይም።

በጥር 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በዚችው ከተማ፣ በአርብቶ አደሮች ቀን በዓል ላይ፣ ለኦሞ ሸለቆ የታሰበውን ሰፊ የስኳር ልማት አበሠሩ። የማር አገር የስኳር አገር እንዲሆን ተወሰነ ማለት ነው። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ግልገል ጊቤ ሦስት ተመረቀ፤ ግድቡ ውኃውን ከያዘ ወዲህም የኦሞ ዓመታዊ ሙላት እንደ ድሮው አልመጣም። ሙርሲው፣ ቦዲው፣ ዳሰነቹ ማሽላ ይዘራ የነበረው ሙላቱ ጥሎት በሚሄደው ደለል ላይ ነበር። ማሽላ ደግሞ እህል ብቻ አይደለም፤ የባህላዊው ጠላም ሥር ነው። ጠላው ለደቦ፣ ለእርቅ፣ ለሠርግ ይቀርባል። ማሽላው ሲጠፋ የሚጎድለው ሆድ ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ምክንያትም ይጎድላል። ክፍተቱን የሚሞላው ከከተማ በጀሪካን የሚወጣው አረቄ ነው፤ አረቄ ደግሞ ለብቻ ይጠጣል እንጂ አያስታርቅም።

ልማት አያስፈልግም የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። ጥያቄው የማን ጣዕም ተቆጥሮ የማን ተዘለለ የሚለው ነው። በ1999 ዓ.ም. የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋ ጨፌን ቡና ስም ለማስከበር መንግሥት ከስታርባክስ ጋር ተከራክሮ ስምምነት ላይ ደርሷል። አገር ስምን ማስከበር ታውቅበታለች ማለት ነው። የጂንካ ማርም ስሙ ታውቆ፣ ዋጋው ለቀፎው ባለቤት ደርሶ፣ በጌሾ ተጠምቆ፣ በብርሌ ቢቀርብ ምን ይጎድላል? አባቶቹ ማር ሲገብሩ የኖሩ ሰው፣ አንድ ቀን በራሱ ማር እንግዳ የሚቀበል ባለቤት መሆን ይገባዋል።

ቸር እንሰንብት።