«ሞተሯ አልተነካም»

አቦሉ አለቀ። ቶናው እስኪፈላ ድረስ ያቺን የቪትዜን ነገር ላጫውትህ። ባለፈው ጀምሬልህ ነበር መሰለኝ፤ እንግዳ መጣና አቋረጠን። ቆሎውን ወደ አንተ ሳብ አድርገው።

መኪና ልትገዛ ስትወጣ መጀመሪያ የምትሰማው ምንድን ነው? ዋጋ እንዳትለኝ። ዋጋ በኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የምትሰማው የመኪናዋን የሕይወት ታሪክ ነው። «የዶክተር መኪና ናት።» «በሴት የተያዘች ናት፤ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት።» «ሞተሯ አልተነካም።» በዚህ ከተማ የሚሸጠው ሁሉ የዶክተር መኪና ከሆነ፣ ሐኪም ፍለጋ ያን ያህል ወረፋ ባልያዝን ነበር። ደግሞስ እነዚያ በየቀለበት መንገዱ እየተጋፉ የሚያልፉን መኪኖች የማን ናቸው? እነሱ አይሸጡም ማለት ነው?

የእኔዋ አንድ መኪና መሸጫ ውስጥ የቆመች ብርማ ነበረች። ቀለሟ ዓይን ይሰርቃል። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባል የለ? ኮፈኗን በእጄ ዳሰስኩት፣ ሞቅ ብሏል። ባለመሸጫው «አሁን ከመንገድ ገባች» አለኝ። አመንኩት። ዛሬ ቢሆን ያ ሙቀት ራሱ ይነግረኝ ነበር። ሞተሯ የደከመ መኪና ጉዷን የምታወጣው ጠዋት በብርድ ነው። ሌሊቱን የተንጠባጠበው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠልና ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች። አስቀድመው ካሞቋት፣ በዚያ ላይ ወፍራም ዘይት ከጨመሩባት፣ ጭሱም ድምፁም ለጊዜው ይደበቃል። ለጊዜው ማለት ገንዘቡ እስኪቆጠር ነው።

ለምን ቸኮልክ አትለኝም? እንዴት አልቸኩል! በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ያስቆጠሩ መኪኖችን እስከ 500 በመቶ ቀረጠ። በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ወይን ጠጅ በቆየ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ሄደ። ለአንዲት ቪትዝ ከሚሊዮን በላይ ስትጠየቅ፣ ነገ ደግሞ ከዚህ ይብሳል ብለህ ትሮጣለህ። ሲሮጡ የታጠቁት ግን ሲሮጡ ይፈታል።

አባቴ በቅሎ ሲገዛ አይቻለሁ፤ ልጅ ነበርኩ። አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፣ ዕድሜዋን ከዚያ ያነባል። ኮቴዋን ያነሳል፣ ጀርባዋን ለቁስል ይዳብሳል፣ ዳገት ያስወጣታል። ሁሉን ጨርሶ ደግሞ «ዋስህን ጥራ» ይለዋል ሻጩን። ዋሱ ቢታጣ በቅሎዋ የቱንም ያህል ብታምር ትቷት ይሄዳል እንጂ አይገዛም። ልጁ ግን፣ እኔ ማለቴ ነው፣ ተምሬያለሁ ብዬ ኮፈን ዳስሼ ሚሊዮን ከፈልኩ። ሜካኒክ እንኳ ይዤ አልሄድኩም።

በማግስቱ ጠዋት አስነሳኋት። ጎረቤቴ መስኮቷን ዘጋች። ጋራዥ ወሰድኳት፤ ሜካኒኩ የዘይቱን መለኪያ መዝዞ በሁለት ጣቱ አሻሸው፣ ዝም አለ፣ ከዚያ «ሞተር መውረድ አለበት» አለኝ። ያልተነካው ሞተር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥሉ እንምጣ። ባለመሸጫው ዘንድ ሄድኩ። «እኔ አሻሻጭ ነኝ፣ ባለቤቱን ጠይቅ» አለ። ለካ አጥሩ ውስጥ ከቆሙት መኪኖች ብዙዎቹ የራሱ አይደሉም! ሰው አምጥቶ ያቆማል፣ እሱ ኮሚሽኑን ይቆርጣል። ያን ቀን ያገናኘን፣ «እኔ እያለሁ ምንም አትሆንም» ያለኝ ደላላ ደግሞ ስልኩን ዘጋ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ባለቤቱን በስንት ፍለጋ አገኘሁት። እሱስ ምን አለኝ? «አይተህ አይደል የገዛኸው?»

ውሉን አውጥቼ ሳነበው እውነቱን ነው። ውልና ማስረጃ ሄደን ስንፈራረም ዓይኔ ስሜና ገንዘቡ ላይ ነበር። መሃል ላይ «መኪናውን አይቼና መርምሬ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የምትል ሐረግ ተቀምጣለች። ስለ ዶክተሩ አንድ ቃል የለም። ስለ ሞተሩም የለም። ያ ሁሉ ወሬ አስፋልት ላይ ቀርቷል፤ ሞኝና ወረቀት ደግሞ የያዘውን አይለቅም።

አንድ ጠበቃ ወዳጅ አለኝ፤ ቡና አስፈልቼ ጠራሁት። ተስፋ አትቁረጥ አለኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2287 ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። «ባለበት ሁኔታ» የምትለዋም ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ አታድነውም። «ጉድለቱን ባወቅህ ጊዜ ወዲያው አስታውቀሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ደውዬ ጮኼአለሁ አልኩት። «ጩኸት ማስታወቂያ አይደለም፤ ጻፍ» አለኝ። ከዚያ ክስ ለመመሥረት አንድ ዓመት አለህ አለኝ። ነጋዴ ራሱ ሸጦልህ ቢሆን ኖሮ ደግሞ በአዋጅ 813/2006 መሠረት በ15 ቀን ውስጥ ለውጥልኝ ወይም ገንዘቤን መልስ ማለት ትችል ነበር አለኝ። የእኔ ሻጭ ግን በወረቀቱ ላይ ግለሰብ ነው። ነጋዴው ከውሉ ውስጥ እንደ ጭሱ በኖ ጠፍቷል። ከሁሉ የሚከብደው ማወቁን ማስረዳት ነው። ሰውየው በማግስቱ የማየውን ጭስ ትናንት አይቷል ብዬ በምን እመሰክራለሁ? ጎረቤቴ ያየችው የእኔን ጠዋት ነው፤ የእሱን አይደለም።

ቶናው መጣ። ስኳር ትቀንሳለህ አሁን? ጥሩ።

ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። እዚያ ነጋዴው ዋስትና ይስጥ አይስጥ በግልጽ ጽፎ መስታወቱ ላይ እንዲለጥፍ ሕግ ያስገድደዋል። የማይረባ መኪና ስሙ ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ሎሚ ይሉታል! እኛ ጥምቀት ላይ ለወደድናት ልጅ የምንወረውረውን። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል የኢኮኖሚ ሊቅ በ1970 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስለዚሁ ሎሚ ጻፈ። ጽሑፉን ሦስት መጽሔቶች መልሰውበታል፤ በ2001 ግን የኖቤል ሽልማቱን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተካፈለ። ምን አለ መሰለህ? ሻጭ ጉዱን ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም፤ ስለዚህ ገዢ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ያቀርባል፤ ደህና መኪና ያለው «በዚህ ዋጋስ አልሸጥም» ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ለሎሚዎቹ ይቀራል። አባቴ ይህን ለማወቅ የበቅሎ ጥርስ በቅቶት ነበር። ሽልማት ግን ማን ይስጠው?

ፍርድ ቤት ሄድኩ? አልሄድኩም። ቀጠሮውን ሳስበው ደከመኝ። የባለቤቱን ታላቅ ወንድም የሚያውቁ አንድ ጋሼ ተገኙና ሽምግልና ተቀመጥን። ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እስቲ እውነቱን ተናገር ልጄ» ሲሉት ሰውየው አንገቱን ደፋ። የሞተሩን ማሠሪያ ግማሽ ከፈለ። ግማሹን ዋጥኩ። ባለመሸጫው ኮሚሽኑን እንደያዘ ነው፤ እሱን ማንም አልጠራውም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቪትዟን ባለፈው ወር ሸጥኳት። አንድ ጨዋ ልጅ መጣ፣ አዲስ ሥራ የያዘ። «ጋሼ፣ ምን ችግር አለባት?» አለኝ። ሞተሯ መሠራቱን ነገርኩት፣ የጋራዡን ደረሰኝም ሰጠሁት፣ ውሉ ላይም አስጻፍኩለት። ሌላ የማውቀው እንከን የላትም፤ ይህን በእውነት ነው የምልህ።

ብቻ ልጁ ከመምጣቱ በፊት፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት ወርጄ አስነስቻት ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ልማዴ ነው እንዳልልህ፣ ከዚያ ቀን በፊት አሙቄያት አላውቅም።