መብራት ሄደ ማለት ሽቦው ሞተ ማለት አይደለም

ዛሬ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ሱቅ የመብራት መስመር ልንቀይር ገብተን መብራት ሄደ። ባለሱቁ "እንዲያውም ተመቻችሁ፣ ቶሎ ጨርሱ!" አሉን። "አይ አባባ፣ እስኪመጣ እንጠብቅ" አልኳቸው። ገረማቸው። መብራት በሌለበት ቴስተር ምን ይነግረኛል? ያወረድኩት ብሬከር ትክክለኛው ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ? የሄደው ደግሞ ሳይነግር ይመጣል።

ሲመጣ ቴስተሩን ኃይል ባለበት ሶኬት ሞከርኩ። ብሬከሩን አውርጄ ሳጥኑን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ሽቦውን ለካሁ፤ ቴስተሩን እዚያው ሶኬት ላይ መልሼ ፈተሽኩ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻውን አያስተማምንም፤ ኑትራል ላይ ከተገጠመ አምፖሉ ጠፍቶም 220 ቮልቱ ኮርኒስ ውስጥ አለ።

ረዳቴ ገና ልጅ ነው። መሰላሉ ላይ የወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።