71,000 ፍራንክ ለአንድ ሪል?

ባለፈው ሳምንት ፎቶ ለጥፌ ነበር። በእጄ የያዝኩትን ሪል አይታችሁ ግማሾቻችሁ «መምህሩ ሀብታም ሆነ እንዴ?» ብላችሁ ቀለዳችሁ። ጎንደር ያሉት አጎቴ ደግሞ «ዓሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ተጠንቀቅ» ብለው ጻፉልኝ። ሪሉ የኔ አይደለም። የኔ ለመሆን ግን ትንሽ ነበር የቀረው። «እኔም ልጀምር ነው፣ ምን ልግዛ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ ለሁላችሁም እዚሁ ልንገራችሁ።

ለማያውቀው፣ ሪል ማለት ዘንጉ ላይ ታስሮ በእጅ እየዞረ ክር የሚጠቀልል ዕቃ ነው። እዚህ በፈረንሳይኛው ሙሊኔ ይሉታል። ትልቅ ዓሳ ሲይዝ ክሩ እንዳይበጠስ በልክ እየለቀቀ ዓሳውን የሚያደክም ፍሬን በውስጡ አለው። ልጅ ሆኜ ጎርጎራ ላይ ቀረሶ ስናጠምድ ይህን ሁሉ አናውቅም ነበር፤ ሸምበቆ፣ ናይለን፣ መንጠቆ፣ በቃ። የጣና ውሃ ብረት አይበላም። የዚህ ባሕር ግን ይበላል።

ዓርብ ዓርብ ከፔካ 12 አራት አምስት ሆነን ለፒካፕ እናዋጣና ከዶራሌ አልፈን ወደ ኮር አምባዶ እንሄዳለን። (ወደብና ካምፕ አካባቢ ዘንግ ይዛችሁ አትጠጉ፤ የስደተኛ ካርዳችሁንም ቤት ጥላችሁ አትውጡ። ይህን መቶ ጊዜ ብያለሁ፣ መቶ አንደኛው ነው።) ከእኛ ጋር ሁላችንም ዓሚ የምንላቸው የመናዊ ሽማግሌ አሉ፤ እሳቸውም እንደኛ ከጦርነት ሸሽተው የመጡ ናቸው። ዘንግ የላቸውም። ክራቸውን ሃይላንድ ላይ ጠቅልለው፣ እርሳሱን ከራሳቸው በላይ አሽከርክረው ይወረውራሉ። ብዙ ጊዜ ከእኛ ይልቅ እሳቸው ይዘው ይመለሳሉ። ነገር ግን ክራቸው ቢበዛ ሠላሳ ሜትር ነው የሚሄደው። ካራንግ የሚሉት ጉልበተኛ ዓሳና ባራኩዳ ብዙ ጊዜ የሚዞሩት ኮራሉ አልቆ ውሃው ከሚጠቁርበት ወዲያ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ረጅም ዘንግና ደህና ሪል ያስፈልጋል። ስለዚህ «ሪል ቅንጦት ነው» የምትሉኝ ልክ አይደላችሁም። ጥያቄው የቱ ሪል የሚለው ነው።

በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ርካሽ ሪል ገድያለሁ። እያንዳንዳቸው 5,000 ፍራንክ ገደማ ናቸው። አሟሟታቸው አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ክሩ የሚያልፍባት ትንሿ መንኮራኩር ኩሽኔታዋ ዝጎ ትቆማለች። ከዚያ ክሩ እዚያው ቦታ ላይ እየተፋገ ይሳሳል። ቀጥሎ ፍሬኑ ይነክሳል፤ በመጨረሻ እጀታው እንደ ቡና ወፍጮ መንኳኳት ይጀምራል። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ እንደኛ ባለ ሙቅ ባሕር ላይ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ተማሪዎቼ እንደሚያውቁት፣ አሉሚኒየም አካል ላይ የማይዝግ ብረት ብሎን አጥብቀህ ጨዋማ ውሃ ስታፈስበት ትንሽ ባትሪ ሠራህ ማለት ነው። የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው።

እቁብ የደረሰኝ በዚህ መሃል ነው። አሥር ነን፣ በነፍስ ወከፍ 8,000፣ ድምሩ 80,000 ፍራንክ። በዚያው ሳምንት ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ ሰው ዕቃውን እየሸጠ እንደሆነ ሰማሁ። ካወጣቸው ዕቃዎች አንዱ ቫን ስታል የሚባል የአሜሪካ ሪል ነበር። አዲሱ ከ700 ዶላር በላይ ነው፤ እሱ 400 ዶላር አለው። አንድ ዶላር ሁልጊዜም 177 ፍራንክ ከምናምን ነውና 71,000 ፍራንክ መሆኑ ነው።

ሰውዬው ብልጥ ነው። ምንም ሳያወራ ባሕሩ ዳር ወሰደኝና ሪሉን እንዳለ ውሃ ውስጥ ነከረው። እንደነከረው እጀታውን አዞረ። አወጣው፣ አራገፈው፣ እንደገና አዞረው፤ ድምፅ የለውም። የኔን አንዱን ሪል እንዲያ ቢያደርገው ማታውኑ ተዝካሩን እናወጣ ነበር።

ምስጢሩ መዘጋቱ ነው። በየቀዳዳው ጓርኒሲዮን አለ፣ ፍሬኑ ሳይቀር ታሽጓል። እዚህ ላይ ሻጭ እንዳያታልላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ሪል ላይ አይፒኤክስ 5 ወይም 6 ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ። 5 ማለት በደቂቃ 12.5 ሊትር በሚረጭ ውሃ ተፈትኗል ማለት ነው። 6 ማለት በደቂቃ 100 ሊትር። ሁለቱም የሚናገሩት ስለሚረጭ ውሃ ነው፤ ሪሉ ውሃ ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚሆን አይናገሩም። መነከርን የሚመለከተው ከ7 ጀምሮ ነው፤ 7 አንድ ሜትር ጥልቀት ለሠላሳ ደቂቃ ነው። ስለዚህ «ውሃ አይገባውም» ሲሏችሁ «ስንት ቁጥር ነው?» በሉ። ያ ሰውዬ ያሳየኝ ሪል ግን ማዕበል ውስጥ ወገባቸው ድረስ ገብተው ለሚያጠምዱ ሰዎች የተሠራ ነው።

«ለአንድ ሳምንት ውሰደውና ሞክረው» አለኝ። ፎቶው ያን ሳምንት የተነሣ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ወደድኩት። ዓርብ ዕለት ሁለት ዓሳ ብቻ ነው የያዝኩት፤ ያውም ትንንሽ። ግን የክሩ አወጣጥ፣ የፍሬኑ ልስላሴ፣ እጅ ላይ ያለው ስሜት ሌላ ነው። ማታ ቤት ገብቼ በጨርቅ ስወለውለው ባለቤቴ ከምድጃው ዞር ብላ አየችኝ።

«ስንት ዓመት ያገለግላል?» አለችኝ።

«በደንብ ከተያዘ 20 ዓመት» አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

ሽንኩርቷን አማሰለች። ትንሽ ቆይታ «20 ዓመት እዚህ ልንኖር ነው እንዴ?» አለች።

የምመልሰው አጣሁ። እዚህ የመጣነው ለስድስት ወር ብለን ነው፤ ስምንተኛ ዓመታችንን ይዘናል። እቤታችን ያለውን ዕቃ ተነሥቼ አየሁት። የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ በስምንት ዓመት አራት ጊዜ ተሰብሮ አራት ጊዜ ተገዝቷል። የአራቱ ዋጋ ቢደመር ደህና የእንጨት ወንበር ይገዛ ነበር። ግድግዳው ቀለም አልተቀባም፣ «ለምን? ልንሄድ አይደል?» ተብሎ። ልብሳችን ቁም ሣጥን የለውም፣ ሻንጣ ውስጥ ነው። ስንቶቻችሁ ቤት እንደዚህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቡና ጠጥቼበታለሁ። ርካሽ የምንገዛው ገንዘብ ስለሌለን ብቻ አይደለም። የሚበረክት ዕቃ መግዛት «ቀረሁ» ብሎ እንደ መፈረም ስለሚሆንብን ነው። የሪሉ ዋጋ 71,000 ነው ብዬ ስሰላ ያላሰላሁት ይህን ነበር። ያን ሌሊት ደህና አልተኛሁም፣ ሙቀቱ ሳይቆጠር።

በማግስቱ ደብተሬን አወጣሁ። መምህር ስለሆንኩ ሁሉን እመዘግባለሁ፤ የወጣሁበትን ዓርብ፣ የያዝኩትን፣ ያመለጠኝን። ባለፈው ዓመት 31 ዓርብ ወጥቻለሁ (ከግንቦት በኋላ ያለውን ሙቀትና ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ ማንም አይወጣም)። 12ቱን ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። ትልልቅ ዓሳ ዘጠኝ አምልጦኛል። አምስቱ ክሩን ኮራል ላይ ቆርጠው፣ ሁለቱ ቋጠሮዬ ተፈትቶ፣ አንዱ መንጠቆዬን አቃንቶ። ሪሉ ፍሬኑ ነክሶ ያመለጠኝ አንድ ብቻ ነው። ማለት 71,000 ፍራንክ አውጥቼ አንድ ዓሳ ላስጥል ነበር። ሁለቱን ግን ደህና ቋጠሮ በመማር ብቻ፣ በነጻ፣ ማስጣል እችል ነበር። ለዓሚ ይህን ሳነብላቸው እየሳቁ ጣታቸውን አሳዩኝ፤ የሳቸው ፍሬን ጣታቸው ነው፣ ጠባሳውም እዚያ አለ።

ቢሆንም ልቤ አልቆረጠም ነበር። ያስቆረጠኝ የሌላ ነገር ነው። ሻጩን «መጨረሻ የተከፈተውና የታደሰው መቼ ነው?» አልኩት። አላስታወሰም። ልብ በሉ፣ የታሸገ ዕቃ ጥቅሙ ውሃ አለማስገባቱ ነው። ጓርኒሲዮኑ ሲያረጅ ግን በቀጭኑ የገባችው ውሃ መውጫ የላትም፤ ውስጥ ተቀምጣ ትሠራለች። ከላይ አይታይም። ርካሹ ሪል ሲታመም ይጮሃል፣ ይኸኛው እስኪሞት ዝም ሊል ይችላል። እንዲህ ያለውን ሪል ባለቤቱ በካቻቢቴ እንዲበረብረው አይመከርም፤ ለሚያውቁት ይላካል። ከዚህ ለአሜሪካ ልላክ? በማን አድራሻ ይመለስልኝ? ፖስታው ስንት ሊሆን?

ሰፈራችን እኮ ፔካ 12 ነው። ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር፣ ወደ አገራችን የሚሄደው ከባድ መኪና ሁሉ የሚቆምበት። እዚህ የማይገኝ ነገር ቢኖር ውሃ ነው፤ ግራሶ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ የሚያወልቅ ሰው እንደ ጉድ ነው። ሦስተኛውን ሪሌን ለሁለት ወር በዕድሜው ላይ የጨመረለት አንድ የተሳቢ ረዳት ነው፤ ሻይ ብቻ ጋብዤው። ስለዚህ ለእኛ የሚሆነው ሪል ረዳቱ ሊከፍተው የሚችለው ነው ብዬ ወሰንኩ።

ሪሉን ጠርጌ መለስኩለት። ሰውዬው ወደ 350 ዶላር ወረደ፤ አመሰገንኩት። በምትኩ ፔን ስፒንፊሸር ከሚባለው መካከለኛውን፣ በዱባይ በኩል የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ዋጋው እንደ መጠኑ ይለያያል፤ የኔ ወደ 34,000 ፍራንክ ፈጀ። አካሉ ብረት ነው፣ ቁጥሩ 5 ነው። ውሃ ውስጥ አልነክረውም፣ ማዕበል ሲመጣም ከፍ አደርገዋለሁ። ከእቁቡ የቀረው 46,000 ወደ ጎንደር ሄዷል፤ ለምን እንደሆነ ቤተሰብ ያውቃል፣ አጎቴም ዘንዶው እንዳልወጣ ይወቁልኝ።

ለጀማሪዎች አያያዙን ልንገራችሁ። ከባሕር እንደተመለሳችሁ፣ ጨው ሳይደርቅ፣ ፍሬኑን አጥብቁና በንጹሕ ውሃ በቀስታ አጠቡት። በጎማ በኃይል አትርጩበት፣ ጨውን ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። አድርቁ፣ ከዚያ ፍሬኑን አላልታችሁ አስቀምጡ። ለኔ ሁለት ሊትር ይበቃኛል፤ በውሃ ቀልድ እንደማይገባ የጀሪካን ወረፋ የጠበቀ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከሶማሌ ክልል ከአዲጋላ አካባቢ በ102 ኪሎ ሜትር ቧንቧ የተዘረጋው ውሃ ጅቡቲ ይገባል አይደል? ሪሌን በአገሬ ውሃ ነው የማጥበው ብዬ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዷ «ውሃው ካርድ ተጠይቋል?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም።

አዲሱ ሪል የመጣ ዕለት ባለቤቴ ገለባብጣ አየችውና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። «ይኸኛውስ ስንት ዓመት?»

«አምስት፣ ስድስት» አልኩ።

«እሱ ይሻላል» አለች። በነጋታው ገበያ ሄዳ ሁለት የእንጨት ወንበር አስጭና መጣች። ምንም አልጠየቅኳትም።

አሁን አንድ እርዳታ እፈልጋለሁ። ከዱባይ በቅርብ የሚመጣ ሰው ካለ፣ ለክር ማለፊያዋ መንኮራኩር የምትሆን ሁለት ትርፍ ኩሽኔታ እንዲይዝልኝ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ መጠኑን በፎቶ እልካለሁ። ዓርብ መምጣት የምትፈልጉ ደግሞ እስከ ረቡዕ ማታ አሳውቁኝ፤ ፒካፑ ላይ ሁለት ቦታ አለ።