መኪናዬ የቆመበት መሬት

መኪናዬን ለዓመታት የማቆመው አራት ኪሎ አካባቢ፣ ከአንድ ዋና መንገድ ዳር ነበር። ቦታው የእኔ አልነበረም፤ ሆኖም ጠዋት ስደርስ ሌላ ሰው ይዞት ካገኘሁ ርስቴን የተቀማሁ ያህል ይከፋኝ ነበር። ፓርኪንግ ከሚሠሩት ወጣቶች አንዱ መኪናዬን ከሩቅ ያውቃታል። በእጁ እየጠቆመ ያስገባኝና የደረስሁበትን ሰዓት ጽፎ ወረቀቷን ከመስተዋት መጥረጊያው ሥር ይሰካታል። እኔም ጥቂት ብር ከፍዬ፣ ከማኅበረሰቡ ጋር ሒሳቤን እንዳወራረደ ዜጋ፣ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ሲጀመር መንገዱ ተቆፈረ። ሥራው ሲያልቅ የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ፣ በጎኑም ለብስክሌት የተከለለ መስመር ተዘርግቶ አገኘሁት። የእኔ «ርስት» በመስመሩ ሥር ተቀብሯል። ወጣቱ ግን የለመድኋት ሰደርያ ሳትኖር ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር።

«ዶክተር፣ ከእንግዲህ እዚህ ማቆም አይቻልም» አለኝ።

«እናንተስ ታዲያ?»

«እኛማ ከእርስዎ መኪና ጋር አብረን ተነሣን» ብሎ ሣቀ። ሣቁ ግን ለእኔ ያደረገው መስተንግዶ ነበር እንጂ የደስታ አልነበረም።

ውድ አንባቢያን፣ በዚያ ሰሞን እንደማንኛውም ባለመኪና አማርሬአለሁ። «ማን ሊነዳበት ነው ብስክሌቱን?» ብያለሁ። «ከተማዋ ዳገት፣ ሕዝቡ ድኻ፣ ብስክሌቱ ውድ» ብያለሁ። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ከፍታዋ ከሁለት ሺሕ ሦስት መቶ ሜትር በላይ በሆነች ከተማ ከቸርችል ጎዳና ግርጌ እስከ ፒያሳ ፔዳል መርገጥ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ሌሎችን ለማሳመን ስከራከር የራሴ ክርክር ያልጠበቅሁት ቦታ አደረሰኝ።

መኪናዬ ስትቆም አሥራ ሁለት ካሬ ሜትር ያህል መሬት ትይዛለች። በቀን የምትንቀሳቀሰው ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው፤ የቀረውን ሃያ ሁለት ሰዓት ቆማ ትውላለች፣ ቆማ ታድራለች። የመንግሥትና የሕዝብ ነው በሚባል መሬት ላይ፣ የእኔ የግል ብረት፣ ለአንድ ሻይ በማይበቃ ኪራይ! በዚህች ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር ነው። እግረኛው ከቆሙ መኪኖች ጀርባ፣ በጭቃውና በቦዩ መካከል መንገድ ሲፈልግ በየቀኑ አይቼዋለሁ። መንገዱን የዘጋሁበት እኔ መሆኔን ግን አላየሁም።

ከዚህም የሚያሳፍረው አስተዳደጌ ነው። እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ሜዳማ በሆኑት በዚያች ከተማ መንገዶች፣ ከዘንባባዎቹ ሥር፣ መምህሩም የቢሮ ሠራተኛውም ተማሪውም በብስክሌት ይሄድ ነበር። እኔም ታናሽ እኅቴን ከኋላ መጫኛው ላይ አስቀምጬ ትምህርት ቤት ተመላልሻለሁ። ማንም ድኻ ነህ አላለኝም። አዲስ አበባ መጥቼ ዲግሪው በዲግሪ ላይ ሲደረብ ግን «ዶክተር ሆኖ በእግሩ!» የሚለው የዘመድ አዝማድ ሹክሹክታ ባንክ ወስዶ ከብድር ፊርማ ላይ አስቀመጠኝ። እንግዲህ መኪናዬን የገዛኋት ለመንገድ ብቻ አልነበረም፤ ለማዕርግም ነበር። ማዕርግ ደግሞ ማቆሚያ ይፈልጋል።

ስለዚህ መስመሩን እደግፋለሁ። የመንገድ ስፋት የተወሰነ ነው፤ ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው መወሰዱ አይቀርም። ከእኔ ተወስዶ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ መሰጠቱ ፍትሕ ነው።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2025 የፓሪስ ከተማ ለነዋሪዎቿ አንድ ጥያቄ አቀረበች፤ አምስት መቶ ተጨማሪ መንገዶች ለእግረኛ ይለቀቁ ወይስ አይለቀቁ? ይህ ማለት አሥር ሺሕ ያህል የመኪና ማቆሚያ ይቅር ማለት ነበር። ድምፅ ከሰጡት ከመቶ ስድሳ ስድስቱ «ይለቀቁ» አሉ። የመጣው መራጭ ግን ከመቶ አራት ብቻ ነበር። አንድ ወዳጄ ይህን ሰምቶ «አየህ፣ ሕዝብ ቢጠየቅም አይመጣም፤ ታዲያ መጠየቁ ለምን?» አለኝ። እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። ያልመጣው ዘጠና ስድስት የቀረው በራሱ ፈቃድ ነው። በነጋታው ማቆሚያውን ቢያጣ ከራሱ ጋር ይሟገታል። እኛ ግን የምንሟገተው ከማን ጋር ነው?

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየት እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። እኔ ስለዚያ መንገድ አልተጠየቅሁም። አልተጠየቅሁምና እስከዛሬ ስሟገት የኖርሁት ለማቆሚያዬ ብቻ ነው፤ ብጠየቅ ኖሮ ስለ እግረኛው አስብ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያልተጠየቀ ሰው ጥቅሙን እንጂ ከተማውን አያስብም። በዚያው ሰሞን ቤታቸው ፈርሶ ወደ ከተማዋ ዳርቻ የተዛወሩት የፒያሳና የካዛንቺስ ነዋሪዎች ጉዳይ ደግሞ ከእኔ ማቆሚያ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። እኔ ያጣሁት ምቾት ነው፤ እነርሱ ያጡት ጎረቤት ነው፣ ዕድር ነው፣ የሥራ ደጃፍ ነው።

ያ ወጣትስ? ከማኅበሩ አባላት ጋር ሆኖ በዚያች ወረቀት ቤተሰብ ያስተዳድር ነበር። ከእርሱ ይልቅ እኔ አማራጭ ነበረኝ፤ አሁን መኪናዬን እቤት ትቼ ታክሲ እሳፈራለሁ፣ የቀረውንም በእግሬ እጨርሳለሁ። በቅርቡ በመስመሩ ዳር ስሄድ አገኘሁት፤ ቀን ሲቀናው ዕቃ ያወርዳል፣ አለበለዚያም ይቀመጣል።

አመሻሹ ላይ የሠፈር ልጆች አንዲቱን ብስክሌት በየተራ እየነዱ ነበር። ሁለታችንም ቆመን አየናቸው።

«ቆንጆ ሆኗል፣ አይደል ዶክተር?» አለኝ።

አዎን፣ ቆንጆ ሆኗል። ይህን የሚለው ግን ከእኔ ይልቅ ብዙ የከፈለበት ሰው ነበርና፣ ወዲያው መልስ መስጠት አቃተኝ።