ሽንፋ፦ ዝናብ ያጠጣው ሀብት

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ አይከልን ካለፈ በኋላ የደረበውን ማውለቅ ይጀምራል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጠውን ደጋ ለቆ ከ1,000 ሜትር በታች ወደሆነው ቆላ ሲደርስ አየሩም፣ አዝመራውም፣ የሰዉ ጨዋታም ይለወጣል። ደጋ ላይ ስለ ጤፍና ገብስ ይወራ የነበረው እዚህ ስለ ሰሊጥ ይወራል። ሽንፋ ሲገባማ «ዘንድሮ ስንት ኩንታል አገኘህ?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ከተማይቱ ስሟን የምትጋራው ወንዝ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ ራሃድ ይባላል፤ መጨረሻውም ዓባይ ነው። ክረምት ይሞላል፤ በበጋ ግን መፍሰሱን አቁሞ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ተመራማሪዎች በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ከ74,000 ዓመታት ገደማ በፊት በዚህ ወንዝ ዳር የኖሩ ሰዎች በበጋ ወራት ከእነዚሁ ኩሬዎች ዓሣ እያወጡ ይመገቡ እንደነበር ገልጸዋል። እነዚያ ሰዎች የእርሻ ማሳም ሆነ የባንክ ደብተር አልነበራቸውም፤ ሪዝቃቸው ግን አልተቋረጠም። አር-ረዛቅ የሆነው አላህ (ሱ.ወ.) ከሰሊጡም በፊት ነበረ።

ዛሬ በሽንፋ ሀብት የሚለካው በሰሊጥ ነው። ሰሊጥ በክረምቱ መግቢያ ይዘራል፤ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ይታጨዳል። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። ፍሬው በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልታጨደ ቆቡ ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህም ባለ እርሻው በእነዚያ ቀናት ብቻውን ምንም ነው። ከደጋው የሚወርዱት የጉልበት ሠራተኞች ሜዳ ላይ እያደሩ፣ ወባና ካላዛር ባለበት አገር፣ ጎንበስ ብለው ያጭዱለታል።

ሻይ ቤት ውስጥ ያገኘኋቸው አንድ ባለ ሰሊጥ፣ «መምህር፣ የእኔ ሀብት የማንም እጅ የለበትም፤ በላቤ ያገኘሁት ነው» አሉኝ። እኔም፣ «ሐጂ፣ አላህ ይጨምርልዎ፤ ግን ዝናቡስ?» አልኳቸው። ፈገግ አሉና ዝም አሉ።

ዝናቡን ማንም አላዘነበውም። መሬቱንም ማንም አልሠራውም፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረትም ባለቤቱ መንግሥትና ሕዝብ ነው። ዋጋውም ሽንፋ ላይ አይቆረጥም፤ ዋነኛዋ የሰሊጣችን ገዢ ቻይና ናትና በሩቅ ገበያ የሚሆነው ሁሉ እዚህ ይሰማል። ታዲያ በላብ የተገኘው የትኛው ነው?

ውድ አንባቢ፣ ኢስላም ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ በዘካ ስሌት ውስጥ ይገኛል። በየትኛው አዝመራ ላይ ዘካ እንደሚወጣ መዝሀቦች ቢለያዩም በመጠኑ ላይ ግን ይስማማሉ። በአብዛኞቹ ዘንድ አምስት ወስቅ ከሞላ (በዘመናችን ሚዛን ብዙዎች ወደ 650 ኪሎ ግራም ያሰሉታል) ዝናብ ያበቀለው አንድ አሥረኛው፣ ሰው ውሃ ስቦ ያጠጣው አንድ ሃያኛው ይወጣበታል። ሰው የለፋበት በግማሽ ቀነሰለት ማለት ነው። ሸሪዓችን የሰውን ድካም አይክድም፤ ሰማይ የሠራውን ሥራ ግን ሰው በስሙ እንዲያስመዘግብ አይፈቅድም።

ድካም ክቡር መሆኑን ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) አሳይተውናል። ባዶ እጃቸውን መዲና ሲገቡ አንሷሩ ወንድማቸው ከንብረታቸው ግማሹን ሊያካፍሏቸው ቢፈልጉም፣ እርሳቸው ግን ገበያው የት እንደሆነ ጠየቁ። ቃሩን ደግሞ ሀብቱን በዕውቀቱ ያገኘው መስሎት ታበየ፤ ቁርኣን እንደነገረን ምድር ከነቤቱ ዋጠችው። ሁለቱም ሀብታሞች ነበሩ፤ የለያያቸው የሀብታቸው ብዛት ሳይሆን የማን ስጦታ እንደሆነ ማወቃቸው ነበር።

የዚህ አካባቢ ታሪክም ማስጠንቀቂያ አለው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መተማ ቡና፣ ጥጥና ሰም ብቻ ሳይሆን ሰውም የሚሸጥባት ታላቅ ገበያ ነበረች። በዚያ የከበሩ ነጋዴዎችም ሀብታችን በድካማችን የመጣ ነው ብለው ሳይሆን አይቀርም፤ ድካሙ ግን በሰንሰለት የታሰረው ሰው ነበር። ያ ገበያ ዛሬ የለም። ነገር ግን ዋጋ ወደቀ በሚል ሰበብ የአጫጁን ሒሳብ የሚያጓትት አሠሪ ከዚያ ጥላ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል ያዘዙት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሽንፋ ላይ ሀብታም ማን ነው ብትሉኝ፣ ኩንታሉ የበዛው ነው አልልም። ከአዝመራው ውስጥ የዝናቡን፣ የአጫጁንና የራሱን ድርሻ ለይቶ የሚያውቅ፣ የሌላውን ሰጥቶ በተረፈው ልቡ የሚብቃቃ ሰው እርሱ ሀብታም ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ሐላል ሪዝቅ ይስጠን፤ የሰጠንንም የእኛ ብቻ ከማለት ይጠብቀን። አሚን።