ከመገናኛ እስከ ራጉኤል፦ ጽሑፍ ያለበትና የሌለበት

ቅኝቱ የሚጀምረው ከመገናኛ ነው። አደባባዩ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ሲሆን የእንጦጦ ሸንተረር ጫፍ 3,200 ሜትር ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ባለው ዳገት ላይ የሚታየው ነገር አንድ ነው፤ በየቦታው ምን ተጽፎ ቀርቷል፣ በምን ላይ ተጻፈ፣ ማን ይጠብቀዋል፣ ማንስ ያነበዋል።

ከመገናኛ ወደ ቀበና በሚወስደው መንገድ በስተ ቀኝ የእንግሊዝ ኤምባሲ አጥር ይጀምራል። ቦታውን የሰጡት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ግቢው በዛፍ የተሸፈነ ስለሆነ ከመንገዱ ሆኖ የሚታይ ብዙ ነገር የለም። ይሁን እንጂ ጽሑፍ ለሚቆጥር ሰው አጥሩን ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ከወሰደው መካከል 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተዋል፤ ዛሬ ያሉት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስ በደብዳቤ ጠይቀው ሙዚየሙ አንድ ቅጂ መለሰ። በዚያ ቅጂ ላይ መጽሐፉ በሙዚየሙ ባለአደራዎች ትእዛዝ ለኢትዮጵያ ንጉሥ መመለሱን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ማስታወሻ ተጽፏል፤ ቀኑ ዲሴምበር 14 ቀን 1872 እ.ኤ.አ. ነው። ኋላ ፈረንሳዊው ሁግ ለ ሩ ከምኒልክ ተቀብሎ የተረጎመው ይህንኑ ቅጂ ነው፤ መጽሐፉ ያለፈበትን መንገድ ያወቀውም ከማስታወሻው ነው።

ቀጣዩ ማረፊያ የካ ሚካኤል ነው። በኅዳር 12 እና በሰኔ 12 ክብረ በዓል ግቢው እግር ማሳረፊያ የለውም፤ ለቅኝት የሚመቸው አዘቦት ቀን ነው። የሚነበበው መቃብሩ ላይ ነው። በየደብሩ እንደሚታየው ሐውልቶቹ በሦስት ይከፈላሉ፦ በመሮ የተፈለፈለ ድንጋይ፣ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ የተጻፈ፣ በብረት ወይም በእብነ በረድ ላይ በቀለም የተሞላ። ቀድሞ የሚጠፋው ቀለሙ ነው፤ ሲሚንቶውም ሲላጥ ፊደሉን ይዞ ይወድቃል። በመሮ የተፈለፈለው የድንጋይ ሽበት ቢያወጣም ፀሐይ በአግድም ስታርፍበት፣ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ይነበባል። የቆዩት ዓመቱን በግእዝ ቁጥር፣ አዲሶቹ በተለመደው አኃዝ ይጽፋሉ። የአርበኛ ማዕረግ፣ የትውልድ አገር፣ የባልና የሚስት ስም፣ አንዳንዴም ሐውልቱን ያሠራው ልጅ ስም እዚሁ ድንጋይ ላይ ብቻ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ ወይም አዲስ ሕንጻ ሲቆም ደግሞ መጀመሪያ የሚነሡት እነዚህ ድንጋዮች ናቸው።

የሌላ አገር ልምድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በደቡብ ሕንድ የታሚል ቤተ መቅደሶች ግድግዳቸውና መሠረታቸው በጽሑፍ የተሞላ ነው። ቀዳማዊ ራጀራጀ በ1010 እ.ኤ.አ. ያስጨረሰው የታንጃቩር ቤተ መቅደስ የተሰጠውን ወርቅ፣ ጌጥና መሬት፣ የተቀጠሩትን 400 ተወዛዋዥ ሴቶች ሳይቀር በድንጋይ መዝግቧል። የመገልበጫው ዘዴ ቀላል ነው፤ እርጥብ ወረቀት ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፣ በብሩሽ እየተመታ ወደ ፊደሉ ጉድጓድ እንዲገባ ይደረጋል፣ ላዩ በቀለም ይታበሳል፤ ሲላጥ ጥቁሩ መደብ፣ ነጩ ፊደል ይሆናል። ጀርመናዊው ዩጂን ሁልትሽ ለማድራስ መንግሥት የጽሑፍ መርማሪ ሆኖ የተሾመው በ1886 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት ዓመት ማለት ነው። የዛሬው ሥጋት እዚያም እድሳት ነው። ግድግዳ በአሸዋ ግፊት ሲታጠብና ኖራ ሲቀባ ጽሑፉ ይጠፋል። ስለዚህ የአካባቢው ሰዎች ፊደሉን እየተማሩ ከመታጠቡ በፊት በፎቶግራፍ ማንሣትና መገልበጥ ይዘዋል።

ከየካ ሚካኤል ወደ ዋሻ ሚካኤል መኪናው የሚቀርበት አቀበት ነው። ባሕር ዛፉ ሲጠጋጋ አየሩ ይቀዘቅዛል። ዋሻ ሚካኤል ከአለት የተፈለፈለ ሲሆን ጣሪያው በከፊል ወድቋል፤ በክረምት ወለሉ ውኃ ይይዛል። ትውፊቱ ሥራውን ለአብርሃና አጽብሃ፣ ለ4ኛው ክፍለ ዘመን ይሰጣል። አጥኚዎች ከአሠራሩ ተነሥተው ወደ 12ኛውና 13ኛው ክፍለ ዘመን ያወርዱታል። የስምንትና የዘጠኝ መቶ ዓመት ልዩነት ነው፤ ክርክሩን የሚቆርጥ፣ መቼ በማን ተሠራ የሚል ጽሑፍ ግን ሕንጻው የለውም። በላሊበላ እንኳ ግድግዳው ዝም ሲል ከእንጨት የተሠሩት መንበረ ታቦቶች የንጉሡን ስም የሚጠራ የግእዝ ጽሑፍ አላቸው። የዋሻ ሚካኤል ታቦት ግን ሕንጻው ሳያገለግል ቀርቶ ከአለቱ ወጥቷል። በእኔ ግምት ከዚህ መንገድ ሁሉ አስቸኳይ ጥበቃ የሚሻው ይህ ቦታ ነው፤ የሚያነቡት ፊደል ባይኖርም የመሮው ምት፣ የዓምዱ ቅርጽና የመስኮቱ አቆራረጥ የሚነበቡ ናቸው፣ እነሱም በየክረምቱ ይሸረሸራሉ።

ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በሸንተረሩ ጀርባ፣ በእግር ለሚሄድ ሰው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች በተቃራኒው ይወርዳሉ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ አስፋልት፣ ካፌና የብስክሌት መንገድ አምጥቷል፤ የመንገድ ምልክትም ሞልቷል። የድሮ ጽሑፍ ፈላጊ ግን እዚህ ፈጠን ብሎ ቢያልፍ አይቆጨውም።

እንጦጦ ማርያም ስምንት ማዕዘን ናት። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት እዚህ፣ በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.፣ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ቤተ መንግሥት በጭቃና በእንጨት የተሠራ፣ በኖራ የተቀባ ነው፤ ከተማ የቆረቆረ ንጉሥ ቤት ነው ብሎ የሚጠብቅ ሰው ትንሽነቱን አይቶ ይገረማል። ሙዚየሙ በግቢው ውስጥ ነው። መግቢያው በክፍያ ሲሆን ለአገር ሰውና ለውጭ ጎብኚ ዋጋው ይለያያል። የነገሥታት ልብስ፣ ዘውድና የብራና መጻሕፍት በመስታወት ውስጥ አሉ።

እዚህ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በመንገዱ ሁሉ ብዙ ጽሑፍ ያለው በብራናው ላይ ነውና። ሙዚየም ውስጥ መጽሐፉ የሚታየው በአንድ ገጽ ተከፍቶ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሥዕል ወይም ሐረግ ያለበት ገጽ ይመረጣል። ለታሪክ ፈላጊ ግን ዋናው ባዶ የቀረው ቅጠልና ኅዳጉ ነው። መጽሐፉን ማን አጻፈው፣ ለየትኛው ደብር ሰጠው፣ የሰረቀ ወይም ስሙን የፋቀ እንዴት ይወገዛል፣ ጉልቱ ከየት እስከ የት ነው የሚለው የሚጻፈው በዚያ ነው። ግዝቱ ቢኖርም ስም የተፋቀባቸውና የሌላ ባለቤት ስም የተተካባቸው መጻሕፍት ጥቂት አይደሉም። ዘመኑ ብዙ ጊዜ በወንጌላዊ ስም ይጠራል። ሒሳቡን የአብነት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል፣ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ምኒልክ የተቀቡበት 1882 ሲደመር 7,382 ይሆናል፤ ሲካፈል 2 ይተርፋል፣ ዘመነ ማርቆስ ነበር ማለት ነው። ማስታወሻው ዓመት ሳይጽፍ ዘመነ ማርቆስ ብቻ ቢል እንኳ ከንጉሡና ከጳጳሱ ስም ጋር ተያይዞ ዓመቱ ሊጠብብ ይችላል።

እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት በፎቶ የማስቀረቱ ትልቅ ሥራ የተጀመረው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ቤተ ክህነት፣ የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ያለው የሂል ገዳማዊ ቤተ መጻሕፍት ተባብረው የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም አነሡ። እስኪያበቃ ድረስ 9 ሺህ ገደማ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ዶክተር ጌታቸው ኃይሌና ዊልያም ማኮምበር ያዘጋጁት ዝርዝር በ10 ቅጽ፣ ከ1975 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ጌታቸው ኃይሌ በ1975 እ.ኤ.አ. በጥይት ተመትተው እግራቸው ሽባ ከሆነ በኋላ ነው ወደ ሚኒሶታ ሄደው በዚህ ሥራ የኖሩት፤ በ2021 እ.ኤ.አ. አርፈዋል። ከተነሡት መጻሕፍት አንዳንዶቹ ዛሬ በቦታቸው ባይገኙ ፊልሙ አለ። የተሰረቀ ብራና የኛ ነው ለማለትም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ከማርያም ወደ ምዕራብ ራጉኤል ይገኛል፤ ትልቁ ሕንጻ ከእንጨት የተሠራ ባለ ፎቅ ነው፣ አጠገቡ ከአለት የተፈለፈለ የቆየ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከዋሻ ሚካኤል ጋር ሲነጻጸር ይህኛው ካህንም ጎብኚም የማይለየው በመሆኑ በተሻለ ይዞታ ላይ ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ በአክሱም የንጉሥ ኢዛናን ሁለተኛ የጽሑፍ ድንጋይ ገበሬዎች ከጥቂት አስርት ዓመታት በፊት አግኝተውታል፤ በግሪክ፣ በሳባ ፊደልና በግእዝ የተጻፈ ሲሆን የቆመው በዚያው በተገኘበት ቦታ፣ በትንሽ መጠለያ ሥር ነው። በየካና በእንጦጦ እንዲህ ያለ ድንጋይ የለም፤ ያለው የመቃብር ሐውልትና የብራና ኅዳግ ነው። ለመቃብሩ ምሁር መጠበቅ አያስፈልግም። ሰንበት ትምህርት ቤት ያላችሁ ልጆች፣ አለቃውንና ቄሰ ገበዙን አስፈቅዳችሁ፣ ማለዳ ስልካችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ እያንዳንዱን ድንጋይ ከፊትና ከጎን አንሡ፣ ከየትኛው በር በስንት እርምጃ እንዳለ ጻፉ፣ የማይነበበውን ፊደል በግምት አትሙሉት፣ ክፍት ተዉት። ቅጂውን ለደብሩ ጽሕፈት ቤት ስጡ፣ አንዱን ደግሞ ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ውሰዱ።